አውሮፕላን የጣሉ ሁለት ሰዎች

በሥራ ዘመኔ ብዙ የአውሮፕላን ሞተር ፈትቻለሁ። በየቤቱ ደጅ ቆሜ «ቤቶች!» እያልኩ፣ ውሻ እየጮኸብኝ የመረመርኩት ግን አንዱን ብቻ ነው። ከሲሊንደሮቹ አንዱ ለአንድ ቄስ በርጩማ ሆኖ ነበር፤ እኚያ ቄስ ደግሞ ከበርጩማዎ ይነሡልኝ ቢሏቸው በቶሎ የሚነሡ ሰው አልነበሩም።

ነገሩ የሆነው ጋይንት ውስጥ፣ ከአርብ ገበያ የግማሽ ቀን መንገድ በምትርቀው አጥቢያችን ነው። በጠላት ጊዜ አንድ ቃኚ አውሮፕላን በየጧቱ እየመጣ በአገሩ ላይ ይዞር ነበር። እኔ ያኔ ገና በአንቀልባ ነበርኩ፤ ስለዚህ የምጽፈው የሰማሁትን ነው፣ የሰማሁትም ከሁለት ባላጋራዎች ነው። አውሮፕላኑ መትረየስ ቢኖረውም ብዙ ጊዜ አይተኩስም። ያያል፣ ሆዱ ላይ ባለች መስኮት ፎቶግራፍ ያነሣል፣ ይሄዳል። ሰዉን ያበሸቀው ይህ ማየቱ ነው። የሚተኩስ ጠላት ይገባቸዋል፤ ዝም ብሎ የሚያይ ግን ምን ፈልጎ ነው? ሲመከር ቆይቶ ከብት ሊቆጥር ነው ተባለና ስሙ «ቆጣሪው» ሆነ። ግብር እንዳይበዛባቸው ሲሉ ጧት ጧት በሬዎቻቸውን ዛፍ ሥር የሚደብቁ ነበሩ።

አንዳንድ ቀን ደግሞ ጫፉ ላይ እርሳስ የተንጠለጠለበት ረጅም ሽቦ ከሆዱ ያወርዳል። የሬዲዮ ሽቦ ነው፤ ይህን የማውቀው ተምሬ ነው። የኛ ሰው ግን ጊደር ሊያጠምድበት ነው ብሎ ደመደመ። በዚያው ሰሞን አንዲት ጊደር ጠፋችና በአውሮፕላኑ ተላከከ። በሦስተኛው ቀን ከገደል ሥር ስትገኝ እንኳ «ከላይ ለቋት ነው» ያሉ አልጠፉም።

አንድ ጧት ቆጣሪው ከወትሮው ዝቅ ብሎ መጣ። አባቴ በአንዱ ሸንተረር፣ የክርስትና አባቴ ደግሞ ከወንዙ ማዶ በሌላው ሸንተረር አድፍጠው ነበር። ሁለቱም አርበኞች ናቸው፣ ሁለቱም ወጨፎ ጠብመንጃ ይዘዋል። አባቴ ተኮሰ። የክርስትና አባቴም ተኮሱ። አውሮፕላኑ ሁለቱንም እንዳልሰማ አለፈ፤ ጥቂት ማሳ ከተሻገረ በኋላ ግን ጭስ ተፋ፣ ድምፁ ተቋረጠና ዞሮ ሊመለስ ሲል ገብስ ውስጥ በአፍንጫው ተተከለ። ነጂው አንድ ሰው ነበር። ሞቶ ተገኘ። ካህናቱ ከተከራከሩ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ የዛፎቹ ጥላ ከሚደርስበት ቦታ ቀበሩት።

(አባቴን ፊት ለፊት አንቱ ነው የምለው። በአንቱ እየጻፉ መሳቅ ስለሚያስቸግር እዚህ ላይ አንተ ብየዋለሁ። የክርስትና አባቴን ግን በወረቀትም አልደፍርም።)

ከዚያ በኋላ የሆነውን አስተማሪዎቼ ቢያዩ ያለቅሱ ነበር። ሞተሩ ከባድ ስለሆነ ካረፈበት ቀረ፤ ባለ ማሳውም ዙሪያውን እያረሰ ኖረ። የቀረው ግን ሳምንት ሳይሞላ ተከፋፍሎ አለቀ። ከጎማዎቹ ላይ የነበረውን የብረት መከለያ አንዲት ሴት ወስዳ ዶሮ አሳቀፈችበት፤ ጫጩት በብዛት ይፈለፈልበታል ተብሎ ስሙ ወጣ። ነፋስ እያዞራት ለሬዲዮው ኤሌክትሪክ የምታመነጭ ትንሽ ማራገቢያ ነበረች፤ እሷ እንጨት ላይ ተተክላ ከገብስ ወፍ ታባርር ጀመር። ድሮም በነፋስ ነበርና የምትሠራው፣ አልከበዳትም። ከክንፉ ፊት ወጥታ የነፋሱን ግፊት እየለካች ፍጥነት የምትናገረዋን ቀጭን ቱቦ አንድ ደብተራ የብርዕ ማኅደር አደረጓት። ነጂው ሲወጣ የሚረግጠውን የብረት እርካብ አንዱ ባለ በቅሎ ኮርቻው ላይ አሰረው፤ አንድ ብቻ ስለነበር የግራው እርካብ እስከ መጨረሻው እንጨት ሆኖ ቀረ። የሞተሩን ጭስ ሰብስቦ የሚያስወጣው ትልቅ ቀለበት ደግሞ ለቤተ ክርስቲያን ተሰጥቶ ደወል ሆነ። ሲመታ ጉንፋን የያዘው ሰው ይመስላል፤ ቢሆንም ይሰማል።

ለአባቴ የደረሰው የቤንዚኑ ታንክ ነው፤ በቤታችን «በርሜሉ» እንለዋለን። የክርስትና አባቴ የወሰዱት ሞተሩን ከፊት የሚሸፍነውን የኮፈን ቁራጭ ነው። በርሜሉ ላይ አንድ ቀዳዳ አለ። ኮፈኑ ላይ ሦስት ቀዳዳ አለ። የሃያ ዓመት ሙግት የተጀመረው ከነዚህ ከአራቱ ቀዳዳዎች ነው።

ሙግቱ የገንዘብ ወይም የመሬት አልነበረም። የፉከራ ነበር። አባቴ ሠርግ ላይ ሁለት ብርሌ ከቀመሰ በኋላ ብድግ ይላል፤ «ዘራፍ! የቆጣሪው ገዳይ! ከሰማይ አውራጅ!» ብሎ ገና ዱላውን ሲነቀንቅ የክርስትና አባቴ ከተቀመጡበት ሆነው «በሕግ አምላክ!» ይሉታል። በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል፤ አባቴም ዱላውን እንደ ሰቀለ ይቆማል። በሚቀጥለው ሠርግ ደግሞ የክርስትና አባቴ ይነሡና አባቴ በሕግ አምላክ ይላል። በዚህ ምክንያት በአጥቢያችን ለብዙ ዘመን እስከ መጨረሻው የተፎከረ ፉከራ አልነበረም።

ነገሩ ከሽማግሌ ወደ አጥቢያ ዳኛ፣ ከአጥቢያ ዳኛ ወደ ደብረ ታቦር ሄደ። ደብረ ታቦር ሲሄዱ ሁለቱ አብረው ነበር የሚሄዱት፤ ስንቃቸው በአንድ አቁማዳ ነው፣ በርሜሉና ኮፈኑ ደግሞ በአንድ አህያ ላይ ግራና ቀኝ ይጫናሉ። ለጭነት ሚዛን ተስማሚ ናቸው ይሉ ነበር። መንገድ ላይ ይጨዋወታሉ፣ አንዱ ሲደክመው ሌላው ይጠብቀዋል፤ ችሎት ፊት ሲቀርቡ ግን አይተያዩም። በፈረስም ተወራርደዋል፤ ሁለቱም ፈረስ አልነበራቸውም። አንድ ቀን የደብረ ታቦሩ ዳኛ ጣሳ ለመመልከት እንዳልተሾሙ ተናግረው ነገሩን ወደ አገር ሽማግሌ መለሱት።

እኔ በዚህ መሀል አድጌ፣ ጥቂት ፊደል ቆጥሬ፣ ከአዲስ አበባ ወዲያ ካለ አንድ የአውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ጥገና ተምሬ መካኒክ ሆኜ ነበር። የእኅቴ ሠርግ ነው ተብዬ በጥር ለእረፍት ስመጣ ትንሽ ጉራ አልነበረብኝም ብል እዋሻለሁ። ሁለት መፍቻ በኪሴ ይዤ ነበር፤ ለሠርግ መፍቻ ምን ያደርጋል አትበሉኝ። ካንዴላ፣ ፒስቶን፣ ቢዬላ እያልኩ ስናገር ዘመዶቼ ግዕዝ የሚሰሙ ይመስል አንገታቸውን ይነቀንቁልኝ ነበር።

ሠርጉ ላይ እንደ ልማዱ አባቴ ተነሣ፣ እንደ ልማዳቸው የክርስትና አባቴ በሕግ አምላክ አሉ። የዚያን ዕለት ግን ባለ በርጩማው ቄስ ነገሩ ሰለቻቸው። የሽማግሌዎቹ ዋና እሳቸው ናቸው።

«ይበቃል» አሉ። «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወንጌል ይቀርባል። ከሳሽ አንተ ነህና አንተ ቀድመህ ማል» አሉት አባቴን። «ጥይትህ እንደጣለው ከማልህ ፉከራው ያንተ ነው። አልምልም ካልህ እሳቸው ይምላሉ።»

አባቴ «እምላለሁ» አለ።

የክርስትና አባቴ «እኔም እምላለሁ» አሉ።

ቄሱ ወደ እኔ ዞሩ። «ሳይመረምሩ መማል ድፍረት ነው። ይህ ልጅ ብረቱን ያውቀዋል። እስከ እሑድ መርምሮ ያገኘውን ለሁለቱም ይንገራቸው፤ የሚምል ከዚያ በኋላ ይማል።»

የከሳሹ ልጅ ነኝ ብል ሰሚ አላገኘሁም። የክርስትና አባቴ ራሳቸው «እኔ ነኝ ያነሣሁት፣ አይዋሽብኝም» ብለው ፈቀዱ።

እስከዚያ ሰዓት ድረስ እየሳቅኩ ነበር። ወንጌል ሲጠራ ግን ሳቄን ዋጥኩት። በኛ አገር መሐላ ቀልድ አይደለም። በሐሰት የማለ ሰው ራሱ ብቻ ሳይሆን ዘሩም እንደማይባረክ ያላመነ ሰው በአጥቢያችን አላውቅም፤ እኔም አምን ነበር፣ መፍቻዬ ከዚህ አላዳነኝም። አባቴ ደግሞ እሑድ ያለ ጥርጥር ይምላል። የሚምለው እውነት ካልሆነስ? ይህን ሳስብ የሠርጉ ጠጅ መረረኝ።

በማግስቱ ከኮፈኑ ጀመርኩ። የክርስትና አባቴ ከግድግዳ ላይ አውርደው፣ በጋቢያቸው ጫፍ ወልውለው ሰጡኝ።

«ሦስቱን እያቸው» አሉ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እንዴት እንደ ተሰለፉ።»

አየኋቸው። በእርግጥ ተሰልፈዋል። በመካከላቸው ያለው ርቀት በጣት ስለካው አንድ ጣት አይበልጥም አያንስም። ሦስቱም ዙሪያቸው የነሐስ ቀለበት አለው። ኮፈኑ ከሌላው ቁራጭ ጋር የሚያያዝባቸው የቡሎን ቀዳዳዎች ናቸው።

«ስንት ጊዜ ነው የተኮሱት?» አልኳቸው።

«አንድ ጊዜ» አሉና ትንሽ አሰቡ። «ወጨፎ ነው፣ ቶሎ አይጎርስም።»

ምሳ ብላ አሉኝና በላሁ።

ከዚያ ወደ ቤቴ ሄጄ በርሜሉን ገለበጥኩት። ውስጡ የዘር ገብስ ነበረበት። ቀዳዳው ከታች በኩል፣ አውራ ጣቴን የሚያስገባ ነው። አባቴ «የወጨፎ አፍ ሰፊ ነው» እያለ ከኋላዬ ቆሞ ይመለከታል። ጥይቱ የገባበት ይህ ከሆነ የወጣበት የታል ብዬ ብጠይቅ አልወጣም አለኝ፤ ውስጥ ቀርቶ ቤንዚኑ አሟሟው። ቤንዚን እርሳስ አያሟሟም ብዬ ልከራከር አልኩና ጠርዙን ሳየው ተውኩት። ጥይት ብረትን ይቀድዳል፣ ጠርዙ ስለት ይሆናል። የዚህ ጠርዝ ግን ለስልሶ፣ ተኮማትሮ፣ በዙሪያው ያለው ቀለም ተቃጥሏል። ይህ ቀዳዳ የተበሳው በጋለ ብረት ነው። ለአባቴ «ልመርምረው» ብቻ አልኩት።

አውሮፕላኑ ለምን እንደወደቀ የሚያውቀው ሞተሩ ነውና ወደ ማሳው ወረድኩ። ዘጠኝ ሲሊንደር እንደ ኮከብ ዙሪያውን የተደረደሩበት ሞተር ነው፤ ሲሊንደሮቹ በሙሉ በነፋስ እንዲቀዘቅዙ ሸንሸን ያለ ክንፍ አላቸው። ስድስቱን አገኘኋቸው። የቄሱ በርጩማ ወጥቶ በቀረው ቀዳዳ በኩል እጄን እስከ ብብቴ አስገባሁ። ጭቃ፣ የአይጥ ጎጆ፣ ከዚያም ብረት። ፒስቶኑን ከዋናው ዘንግ ጋር የሚያያይዘውን ክንድ፣ ቢዬላ የምንለውን፣ ዳሰስኩት። ከዘንጉ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ያለው ለስላሳ ብረት እንደ ሰም ቀልጦ፣ ተንጠባጥቦ፣ እዚያው ረግቷል።

ባለ ማሳው «አገኘኸው?» አለኝ።

«ዘይት ጠምቶት ነው የሞተው» አልኩት። ሞተር ዘይት ካጣ ብረት ከብረት ይፋጫል፣ ይግላል፣ ይቀልጣል፣ ይነክሳል፣ ይቆማል። ይህ ሞተር መሬት ከመንካቱ በፊት ሞቶ ነበር። ታዲያ ዘይቱን ማን አፈሰሰው? ጥይት የዘይቱን ቧንቧ መትቶት ከሆነ የአባቴ ወይም የክርስትና አባቴ ጥይት ሊሆን ይችላል። ልቤ ይህ እንዲሆን ፈለገ። ቧንቧውን ማግኘት ነበረብኝ።

ቧንቧው አረቄ ቤት ነበር። ሌላው ሰው በሸምበቆ ሲያወጣ፣ ከወንዙ አጠገብ ያለችው ባለ አረቄ በመዳብ ነው የምታወጣው፤ ያ መዳብ የአውሮፕላኑ የዘይት ቧንቧ ነው። ስደርስ እሳት ላይ ነበር።

«አሁን አይፈታም» አለች። «እስኪወርድ ተቀመጥ።»

ተቀመጥኩ። ባዶ እጅን መቀመጥ ነውር ነው ተብሎ አንድ መለኪያ ተቀዳልኝ፤ በአንድ እግር አይቆምም ተብሎ ሁለተኛው ተከተለ። ሦስተኛውን በመሐላ አስመለስኩ፤ መርማሪ ነኝ አልኩ። በመጨረሻ ቧንቧው ወጥቶ ቀዘቀዘና ጭኔ ላይ አድርጌ መረመርኩት። ከዳር እስከ ዳር አንድም ስንጥቅ፣ አንድም ምት የለበትም። በጫፉ ላይ ከሞተሩ ጋር የሚጠብቅበት ዳዶ አለ። የዳዶው ጥርስ ሙሉ ነው፤ አልተቀደደም፣ አልተበላም።

«ከሞተሩ ላይ እንዴት ፈታሽው?» አልኳት።

«እኔ መፍታት የት አውቄ? ወልቆ ተንጠልጥሎ ነው ያገኘሁት።»

ዳዶውን ወደ ብርሃን አዞርኩ። በእያንዳንዱ እንዲህ ባለ ዳዶ ጥግ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ትኖራለች። በዚያች ቀዳዳ ቀጭን ሽቦ አልፎ፣ ተጎንጉኖ ይታሰራል፤ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ዳዶው እንዳይላላ ነው። ፈረንጁ አስተማሪያችን በመጀመሪያው ቀን ያስተማረን እሱን ነበር፤ በሁለተኛውም ቀን እሱኑ ደገመልን። የዚህን ዳዶ ቀዳዳ ባየው የፋብሪካው ቀይ ቀለም እንደ ደፈነው ነው። ሽቦ ገብቶበት አያውቅም። አንድ የማላውቀው መካኒክ፣ የሆነ ሜዳ ላይ፣ የሆነ ቀን፣ ምሳ ተጠርቶ ይሁን ወሬ ይዞት፣ ዳዶውን አጥብቆ ሽቦውን ሳያስር ሄዷል። አውሮፕላኑ ተንቀጠቀጠ፣ ዳዶው ቀስ በቀስ ላላ፣ ቧንቧው ወለቀ፣ ዘይቱ በጋለው ጭስ ማውጫ ላይ ተረጭቶ ጨሰ። አባቴና የክርስትና አባቴ የተኮሱት ሊወድቅ የተቃረበ አውሮፕላን ላይ ነው።

አፈርኩ። ሙያዬ ነዋ። ሦስተኛውን መለኪያ ጠጣሁት።

ቤት ስደርስ እናቴን ብቻዋን አገኘኋት።

«እምዬ፣ የበርሜሉን ቀዳዳ ማን በሳው?»

«አባትህ ነዋ። በጥይት።»

«እምዬ።»

«ምን?»

«ጠርዙ ቀልጧል። ጥይት አያቀልጥም።»

ወደ በሩ ተመለከተች፣ ማንም አልነበረም። «እህ፣ ጎታ ያለ አፍ ምን ይሠራል? ገብሱን በላይ ከትቼ በላይ ልዝቀው? ማረሻ አግዬ ከሥሩ አፍ አወጣሁለት።»

ቤንዚን በነበረበት ታንክ ላይ የጋለ ማረሻ! አስተማሪዬ ቢሰማ በሕይወት መኖሯን አያምንም ነበር። በአመድና በእንዶድ ሦስት ጊዜ አጥቤዋለሁ አለችኝ፤ የተቀረውን እግዚአብሔር ጠብቋል።

«ለአባዬ ለምን አልነገርሽውም?»

«በርሜሉ ሲመጣ እሱ በረሃ ነበር። ሲመለስ ቀዳዳውን አየና ጣቱን ከተተበት። ‹መታሁት› ብሎ ተቀመጠ። ያን ዓመት ወንድሙን ቀብሮ፣ ቤቱ ተቃጥሎ፣ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። እኔ ከአፉ ልንጠቀው?»

ሽቦውንና ዳዶውን ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «አልገደለውማ?»

«ማንን?»

«ነጂውን ነዋ።» ከዚያ እኔ ልጁ ሆኜ የማላውቀውን ነገር ነገረችኝ። አባቴ ሠርግ ላይ የሚፎክርበትን ሰው ለነፍስ አባቱ ተናዝዞበት ነበር። እሳቸውም ንስሐ ሰጥተውት፣ አውሮፕላኑ የወደቀበት ዕለት በየዓመቱ ሲመጣ እስከ ማታ ይጾማል፣ ከዚያ መቃብር አጠገብ ሄዶ ይሰግዳል። የነፍስ አባቱ ንስሐውን ሳያነሡለት ሞቱ። አዲሱ የነፍስ አባቱ፣ ባለ በርጩማው ቄስ፣ ደግሞ እሳቸው ያሰሩትን እኔ አልፈታም አሉት። «ፊቱ አይታየኝም፣ ጀርባው ነው የሚታየኝ ይላል፤ ሌሊት ሌሊት» አለች። «ይፎክራል፤ ሲመለስ ግን አይተኛም። ንገረው። የኔን ቀዳዳ ተውና የሽቦውን ንገረው።»

አባቴን አውድማ ላይ፣ ገለባ በመንሽ ሲያነሣ አገኘሁት።

«አባዬ፣ አውሮፕላኑ በጥይት አልወደቀም።»

መንሹን አላቆመም። «በምን ወደቀ?»

«ሽቦ ሳይታሰር ቀርቶ ነው።» ሁሉንም አስረዳሁት፤ ዘይቱን፣ ዳዶውን፣ መካኒኩን።

«ሽቦዋ ምን ታህላለች?»

አንድ ገለባ አንሥቼ አሳየሁት። «ከዚህች ትቀጥናለች።»

ገለባዋን ከእጄ ተቀብሎ ብዙ ጊዜ ተመለከታት። «ሃያ ዓመት ደብረ ታቦር የተመላለስሁት በዚህች ነው በለኛ» አለ። ፊቱ ጠቆረ። «አርብ ገበያ ምን ይላል? ልጁን አስተምሮ ልጁ አዋረደው አይልም?»

«ሰውየውም በእርስዎ እጅ አልሞተም፣ አባዬ» አልኩት።

ይህን ሰምቶ እንደሆነ እንኳ አላወቅኩም። ጀርባውን ሰጠኝና ገለባውን ማንሣት ቀጠለ። ከዚያ እስከ እሑድ ሦስት ቀን አንድ ቃል አላነጋገረኝም፤ ለክርስትና አባቴ ሄጄ ያንኑ ብነግራቸው እሳቸውም «እሑድ ይታያል» ብቻ አሉ። ደነገጥኩ። ሁለቱም ሊምሉ ነው፤ ለአንድ ፉከራ ሲሉ ሁለት ነፍስ ሊጠፋ ነው። ለምን መፍቻ ይዤ መጣሁ ብዬ ራሴን ረገምኩ። እናቴ ቅዳሜ ምሽት እህል አልቀመሰችም።

እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ሕዝቡ አልተበተነም። አርብ ገበያ ድረስ ወሬው ደርሶ፣ የማላውቃቸው ሰዎች ሁሉ መጥተው ከዛፉ ሥር ተቀምጠዋል። ቄሱ ወንጌሉን በጨርቅ ጠቅልለው አመጡ። አባቴ ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ ታጠቀና ወደ ፊት ወጣ። እናቴ ክንዴን ያዘችኝ፣ ጥፍሯ ይሰማኛል።

«በል ማል» አሉት ቄሱ።

አባቴ እጁን መጽሐፉ ላይ አኖረ። ከዚያ ፉከራ ላይ የማውቀው ድምፁ ሳይሆን ሌላ ድምፅ ወጣው።

«ይህ ወንጌል ይፍረድብኝ፣ ያን ሰው እኔ አልገደልሁትም።»

ሰዉ ተያየ። ቄሱም ግራ ገባቸው። «የተጠየቅኸው እኮ ይህ አይዶለም» አሉት። «አውሮፕላኑን ጣልሁ በል ነው የተባልኸው።»

«እኔ የምምለው ይህን ነው» አለ አባቴ። «አልገደልሁትም። አንድ ጊዜ ተኩሻለሁ፣ ስቻለሁ። ልጄ መርምሮታል።» ጋይንት ሁሉ በተሰበሰበበት «ስቻለሁ» አለ፤ ሲለው ጉንጩ ላይ እንባ እየወረደ ነበር። እጁን ከመጽሐፉ አላነሣም።

በሕጉ ከሆነ ነገሩ አለቀ። አባቴ ስላልማለ የክርስትና አባቴ ከማሉ ረቱ። ቄሱ «እርስዎ ይምጡ» አሏቸው። እሳቸው ተነሡ፤ ወደ ወንጌሉ ሳይሆን ወደ እኔ መጡና ጆሮዬ ሥር ጎንበስ አሉ።

«የኔዎቹ ሦስቱስ?»

«ገና ሲሠራ የወጡ ናቸው» አልኳቸው።

«ሦስቱም?»

«ሦስቱም።»

«ቧንቧውንም አላገኘሁትማ? እርግጠኛ ነህ? እኔ እኮ ከአባትህ ይልቅ ቅርብ ነበርሁ፤ ሰውየውን አይቸዋለሁ፣ ዘወር ብሎ አይቶኛል።»

«አላገኙትም። ጥይትዎ አውሮፕላኑን ጨርሶ አልነካውም።»

«እግዚአብሔር ይስጥህ ልጄ» አሉኝ። ከዚያ ሄደው ከአባቴ ጎን ቆሙ። መጽሐፉ ትንሽ ስለሆነ እጃቸውን በአባቴ እጅ ላይ ደረቡና «እኔም አልገደልሁትም» ብለው ማሉ። ቄሱ መስቀላቸውን አወጡና «እግዚአብሔር ይፍታችሁ» አሏቸው።